ዋተርፎል ሹሩባ ለልጆች፦ ቁም ነገሩ የሚለቀቀው ዘለላ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የስምንት ዓመት ልጅሽ ፀጉሯ ወፍራምና ከርዳዳ ነው፤ ሲሳብ ከትከሻዋ ያልፋል። ዋተርፎል ሹሩባ፣ ማለትም ከተሠራው መስመር ሥር ዘለላዎች እንደ ፏፏቴ ተለቀው የሚወርዱበትን፣ ከቪዲዮ እያየሽ ስትሞክሪ ወይ ተራ ፍሬንች ብሬድ ሆኖ ያርፋል፣ ወይ የሚወርደው ዘለላ ከሌላው ፀጉር ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋብሻል። ለትምህርት ቤትና ለፎቶ ቀን የሚሆን የተለያየ አሠራርም ፈልገሻል። በመጨረሻ ደግሞ ማታ ሠርተሽ ብታሳድሪያት ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። የአንዷ ፀጉር ሉጫ ነው፣ የሌላዋ ልክ እንደ ልጅሽ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ለምን ፍሬንች ብሬድ እንደሚሆንብሽ። የሁለቱም አጀማመር አንድ ነው። ግንባሯ አጠገብ፣ ከከፈልሽው መስመር ሥር ትንሽ ፀጉር ትይዢና ለሦስት ትከፍይዋለሽ። ላይኛውን በመሃለኛው ላይ ታሳልፊያለሽ። ቀጥሎ ታችኛውን በመሃለኛው ላይ። እስከዚህ ልዩነት የለም። ከዚህ በኋላ ፍሬንች ብሬድ ከላይም ከታችም ፀጉር እየጨመረ ይሄዳል። ዋተርፎል የሚጨምረው ከላይ ብቻ ነው። የታችኛው ተራ ሲደርስ ዘለላውን ትለቂዋለሽ፣ ይወርዳል። በሱ ምትክ ከአጠገቡ፣ ገና ካልተነካው ፀጉር አዲስ ዘለላ አንስተሽ በመሃለኛው ላይ ታሳልፊያለሽ። ከዚያ ላይኛው፣ ትንሽ ፀጉር ተጨምሮበት። ከዚያ መልቀቅና ማንሳት። በቃ ይኸው ነው። ፍሬንች ብሬድ የለመደ እጅ ግን መልቀቁን ይረሳል፤ ሳታስቢው ታችኛውን ጠቅልለሽ ትቀጥያለሽ።

አሁን የምትለቂውን ዘለላ ልብ ብለሽ ተከታተዪው። ከየት መጣ? ከትንሽ በፊት ላይኛው የነበረው ነው። ከላይ የጨመርሽበትን ፀጉር ይዞ ነው ሹሩባውን አቋርጦ የሚወርደው። ስለዚህ የሚወርደው ውፍረት የሚወሰነው ከላይ ስትጨምሪና ከታች ስታነሺ ነው። አንዴ ጭብጥ ሙሉ፣ አንዴ ክር የምታክል ከወሰድሽ የሚወርደውም እንደዚያው የተዘበራረቀ ይሆናል። ለወፍራም ፀጉር ቀጭን ቀጭን ውሰጂ። ለሳሳ ፀጉር ወፈር አድርጊ፣ አለዚያ ራስ ቅሉ ይታያል። ባለ ጭራ ማበጠሪያ ካለሽ በጭራው ለይተሽ አንሺ፤ በጣት ብቻ ሲነሳ እኩል አይመጣም።

ሁለተኛው ነገር እጅሽ ነው። ከጭንቅላቷ አይራቅ። እጅሽ ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር ሹሩባው ይላላል፣ መስመሩም ወደ ታች ይንሸራተታል። ልጅቷን አታዙሪያት፣ አንቺ ዙሪባት። እሷ ፊት ለፊት እያየች ትቀመጥ፣ አንቺ ከጎን ጀምረሽ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ሌላው ጎን እየተንቀሳቀስሽ ሥሪ። ጭንቅላቷን ባዘነበለች ቁጥር መስመሩ እንደሚጣመም ደግሞ ንገሪያት። ትሰማሻለች አልልም፣ ግን ንገሪያት።

ሦስት ዘለላው ካስቸገረሽ በሁለት ዘለላ የሚሠራ አለ፤ እኔ እንዲያውም ለልጆች አብዝቼ የምሠራው ይኼኛውን ነው። ግንባሯ ጋ ሁለት ዘለላ ትይዢና አንዱን በሌላው ላይ አንዴ ትጠመዝዢያለሽ። ከላይ ቀጭን ዘለላ ታመጪና በሁለቱ መሃል አስተኝተሽ ቁልቁል ትለቂዋለሽ። ሁለቱን እንደገና ታጠላልፊያለሽ፤ የወረደው ዘለላ መሃል ላይ ይያዛል። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ጠምዝዢ። አቅጣጫ ከቀየርሽ ያለፈው ይፈታል። ከሩቅ ሲታይ ከሦስት ዘለላው ብዙም አይለይም፣ ሥራው ግን በጣም ይፈጥናል።

አንድ ልዩነት ግን አላቸው። በጠመዝማዛው፣ ማለትም በሁለት ዘለላ በሚሠራው፣ ሁለቱ ዘለላዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይቀየሩ ናቸው። ስለዚህ የምትፈልጊው ቦታ የሚያደርስ ርዝመት ያስፈልጋቸዋል። በሦስት ዘለላው ዘለላዎቹ በየመንገዱ ስለሚተኩ ፀጉሩ አጠር ቢልም ራሷን ዞሮ ሊደርስ ይችላል። ፀጉሯ አጭር ለሆነች ልጅ ጠመዝማዛውን ከጆሮዋ በላይ አድርሰሽ በፒን አስይዢውና እዚያው አቁሚ። ሙሉ ዙር ካልሆነ ማን ይከሳል?

ወደ ከርዳዳው ፀጉር ልምጣ፤ የጥያቄሽ ዋና ክፍል እሱ ስለሆነ። የሚወርደው ዘለላ የሚጠፋብሽ አሠራርሽ ተበላሽቶ አይደለም። ከርዳዳ ፀጉር ሲለቀቅ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ከጎረቤቱም ጋር ይያያዛል። ሉጫ ፀጉር በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ቪዲዮ ላይ የምታዪው ሁሉ ቀላል ይመስላል። መላው ሁለት ነው። አንደኛው ፀጉሩን አስቀድሞ መሳብ። ታጥቦ እርጥብ እያለ ሳይታጠብ ፀጉሩ ላይ የሚቀር ኮንዲሽነር ቀብተሽ ትልልቅ ሹሩባ ሥሪላትና ይደር። በደንብ መድረቁን አይተሽ ፍቺው። እርጥብ ሆኖ ከተፈታ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ድካምሽ ሁሉ ለከንቱ። ሁለተኛው መላ የሚወርደውን እያንዳንዱን ዘለላ ለብቻው መጠምዘዝ ነው። ላይኛው መስመር ሹሩባ፣ ከሱ የሚወርዱት ደግሞ ተራ በተራ የተጠመዘዙ ቀጫጭን ዘለላዎች ይሆናሉ። ለየብቻቸው ስለሚታዩ ከኋላው ፀጉር ጋር አይቀላቀሉም።

ከሁሉም የምወደው ግን ሌላ ነው። ፀጉሯ አስቀድሞ በቀጫጭን ሹሩባ ወይም በጠመዝማዛ ተሠርቶ ከሆነ ዋተርፎሉን በተሠራው ላይ ሥሪው። እያንዳንዱን ሹሩባ እንደ አንድ ዘለላ ቁጠሪው። መክፈል የለ፣ ማበጠሪያ የለ፣ የሚንሸራተት ፀጉር የለ። ውፍረቱ አስቀድሞ እኩል ነው፤ መልቀቅና ማንሳት ብቻ ይቀርሻል። ደስ ካላላት ፈትተሽ እንደገና ብትሠሪውም ፀጉሯ አይጎዳም። እጅሽን ለማለማመድም ከዚህ የተሻለ የለም።

ለሉጫ ፀጉር ችግሩ ተቃራኒው ነው፣ አልያዝ ይላል። በታጠበበት ቀን አትሥሪው፣ በማግስቱ ይሻላል። ስትሠሪም ጥቂት ውኃ ረጨት አድርጊበት።

አሁን ዓይነቶቹ። ከአንዱ ጎን ጀምሮ ራሷን እንደ ዘውድ ዞሮ ሌላው ጎን የሚያልቀው የታወቀው ነው። እኔ ግን በሰያፍ የሚወርደውን አስበልጣለሁ፦ ከአንደኛው ቅንድብ በላይ ትጀምሪና እያዘቀዘቅሽ ከሌላኛው ጆሮ ጀርባ ታደርሺዋለሽ፤ የተረፈውን ተራ ሹሩባ አድርገሽ በትከሻዋ ላይ ወደ ፊት። መስመሩ ቢጣመም እንኳ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚመስለው። ከሁለቱም ጎን ጀምረሽ ከኋላ መሃል ላይ በትንሽ ላስቲክ ማገናኘትም አለ። ላስቲኩን በቀጭን ዘለላ ጠቅልለሽ ጫፉን በፒን ከውስጥ ደብቂው። ይኼ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ እያንዳንዱ ጎን አጭር ስለሆነ እጅ አይደክምም።

ለፎቶው ቀን መሰላሉን ሞክሪ። አንድ ዋተርፎል ከሠራሽ በኋላ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብለሽ ሁለተኛ መስመር ትጀምሪያለሽ። ለሁለተኛው ከላይ የምትጨምሪው ከመጀመሪያው የወረዱትን ዘለላዎች ነው፣ ተራቸውን ጠብቀሽ አንድ በአንድ። በሁለቱ መስመሮች መሃል ዘለላዎቹ እንደ መሰላል እርከን ተዘርግተው ይታያሉ። የመጀመሪያው እኩል ካልወጣ ሁለተኛው ያጋልጠዋል፤ ስለዚህ አንዱን መስመር እጅሽ ሳይለምደው ሁለተኛውን አትጀምሪው። ዘለላዎቹን ከላይ በማሳለፍ ፋንታ ከሥር ካሳለፍሻቸው ደግሞ ሹሩባው ከፍ ብሎ ይወጣል። ወፍራም ፀጉር ላይ ያምራል።

ሪባን ከፈለግሽ በጠመዝማዛው ላይ ብቻ። ከሁለቱ ከአንደኛው ዘለላ ጋር አስረሽ ስትጀምሪ እስከ መጨረሻ አብሮ ይሄዳል። በሦስት ዘለላው ላይ ካደረግሽው ግን የያዘው ዘለላ ተራው ሲደርስ ይለቀቅና ሪባኑ አብሮ ይወርዳል።

ለትምህርት ቤት እውነቱን ልንገርሽ፦ ሙሉ ዋተርፎል የሩጫ ሹሩባ አይደለም። የተለቀቀው ፀጉር ማጅራቷ ላይ ከኮሌታ ጋር እየተፋተገ ይቋጠራል። ከፊት ብቻ ጠመዝማዛውን ሥሪና የወረደውንም የኋላውንም አንድ ላይ ዝቅ አድርገሽ እሰሪው። ከፊት ሲታይ ዋተርፎል ነው፣ ከኋላ ግን ታስሯል። ዶቃ ካደረግሽም ቀለል ያለ ይሁን። የሚወርድ ዘለላ ጫፍ ላይ ከባድ ዶቃ ካለ ስትሮጥ ፊቷን ይመታታል።

ጆሮ ግንዷ አካባቢና ግንባሯ ዳር ያለው ፀጉር ስስ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምትጀምሪው ደግሞ እዚያው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች አታጥብቂ። ቅንድቧ ወደ ላይ ከተሳበ፣ አመመኝ ካለች፣ ወይም ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠት ካየሽ ወዲያው ፍቺው። አንድ ቦታ ላይ በየጊዜው እየተሳበ የሚሠራ ፀጉር ከሥሩ እየተነቀለ ይሳሳል፤ ሲቆይ መልሶ ላይበቅል ይችላል። መጀመሪያውንም ጎኑን እየቀያየርሽ ሥሪው፣ ዛሬ ከቀኝ ሌላ ቀን ከግራ።

ማታ ሠርቼ ላሳድራት ወይ ላልሽው፣ አይሆንም። የተለቀቀው ፀጉር ትራስ ላይ ሲታሽ ያድርና ጠዋት መስመሩ ሁሉ ተዛብቶ ታገኚዋለሽ። ማታ ማድረግ ያለብሽ ትልልቆቹን ሹሩባዎች ሠርቶ በሳቲን ሻሽ መሸፈን ነው። ጠዋት የኋላዎቹን ፈትተሽ በጣት አፍታቺ። የፊቶቹን መጨረሻ ላይ ፍቺና ያኔውኑ ዋተርፎሉን ሥሪበት፤ ፀጉሩ ገና እንደተሳበ ስለሆነ በቀላሉ ይታዘዝልሻል።