ሳይክሎን ተነሳ ሲባል ማሽላውን ምን እናድርገው?

ከምሥራቅ ሐረርጌ ቆላ አንድ አባወራ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «ማሽላዬን አጭጄ ከምሬዋለሁ። ሬዲዮው በሶማሊያ ባህር ላይ ሳይክሎን ተነሳ ይላል። ከባህሩ ሩቅ ነኝ፤ ይደርስብኛል?»

ነፋሱ አይደርስብዎትም፣ ዝናቡ ግን ሊደርስ ይችላል። ሳይክሎን፣ ማለትም ባህር ላይ እየተሽከረከረ የሚነሳው ብርቱ ነፋስና ዝናብ፣ የሚቀለበው በሞቀ ባህር ነው። የውሃው ሙቀት 26 ወይም 27 ዲግሪ ሲያልፍ እርጥብ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ደመና ሲሆን ሙቀቱን ይለቃል፤ ያ ሙቀት ሌላ እርጥብ አየር ከሥር ይስባል። የብስ ሲነካ ቀለቡ ይቋረጣል፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሶማሊያን የመታው ጋቲ የተባለው ሳይክሎንም ወደ ውስጥ እንደገባ ነው የደከመው። ደረቅ አየርም ያከስመዋል። የላይኛውና የታችኛው ነፋስ ካልተስማሙ ደግሞ ደመናው ሳይጠነክር ይበተናል። በሐምሌና በነሐሴ እምብዛም የማናየው ያን ጊዜ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ስለሚበረታና የጠረፉን ውሃ ስለሚያቀዘቅዘው ነው። የሚያሰጋው በግንቦትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የኋለኛው ልክ እርስዎ ማሽላ የሚያነሱበት ወቅት ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን ያመጣው ዝናብ ሶማሌላንድን አልፎ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገብቷል።

ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ፍሬ በጥርስዎ ይስበሩ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ይውቁት። ከለዘዘ ክምሩን ከመሬት ከፍ አድርገው ይከምሩት፣ አናቱን በሸራ ይሸፍኑ፤ ፀሐይ ሲወጣ ግን ይግለጡለት፣ አለዚያ ታፍኖ ይሻግታል። እርጥቡን እህል ጉድጓድ ውስጥ እንዳይጨምሩት አደራ እላለሁ፤ የሻገተ ማሽላ ለልጅም ለከብትም መርዝ ሊሆን ይችላል። እህል ያለበትን ጉድጓድ አፉን በአፈር ጉብ አድርገው ይድፈኑት፣ ዙሪያውን ቦይ ይቅደዱለት። ፍየሎቹም ደረቅ ወንዝ ውስጥ አይደሩ፤ ከላይ የዘነበው ሌሊት ይደርሳል።

ዝናቡ ካለፈ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ አሸዋማውን መሬት ዞር ዞር እያሉ ይዩ። አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. አዝመራችንን የበላው መንጋ መነሻው መኩኑና ሉባን የተባሉት ሳይክሎኖች ያራሱት የዓረብ በረሃ ነበር፤ ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራብቷል። ኩብኩባ ካዩ፣ ክንፍ ሳያወጣ በዚያው ቀን ለልማት ጣቢያው ሠራተኛ ይንገሩ።