ካም ጊር ስትመርጥ ቀለሙን ትተህ ቡሎኑን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሆንዳ ቢ16ኤ ሞተርህ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተልጎ፣ ማለትም የታችኛው ፊቱ ተፍቆ፣ ተገጥሟል፤ አሁን የሚስተካከል ካም ጊር፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ (ካምሻፍቱን) የሚያዞረውን ባለጥርስ ጎማ፣ ልትገዛ ነው። ከርካሹ ባለቀለምና ከውዱ የቱ እንደሚሻል፣ ኃይሉንም ምን ያህል እንደሚጨምር ጠይቀሃል።

ከኋለኛው ልጀምር። ካም ጊር በራሱ ኃይል አይፈጥርም፤ ቫልቮቹ የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ጊዜ ያንቀሳቅሳል እንጂ። ካምሻፍቶችህ የፋብሪካው ከሆኑ በአብዛኛው የምታደርገው ጉልበቱን ከአንድ የዙር ክልል ወደ ሌላው ማዛወር ነው። የማስገቢያውን ካም (አየር የሚያስገቡትን ቫልቮች የሚከፍተውን) ስታስቀድም ጉልበቱ በዝቅተኛው ዙር ይበረታል፣ ስታዘገየው ወደ ላይኛው ይሄዳል። ያንተ ሞተር ግን ሌላ በቂ ምክንያት አለው። ቴስታታ ሲላግ ካምሻፍቱ ፒስተኖቹ ወደሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ወደ ክራንክሻፍቱ፣ ይቀርባል፤ በዚህም የካሙ ጊዜ ይዘገያል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተላገ በክራንክሻፍት ሲቆጠር አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን በፋብሪካው ጊር ማረም አይቻልም፤ 40 ጥርስ ባለው ጊር ላይ ቺንጋውን አንድ ጥርስ ብታዛውር ካሙ 9 ዲግሪ፣ በክራንክሻፍት 18 ዲግሪ ይሄድብሃል።

ወደ ምርጫው ስመጣ፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የውጪው ባለጥርስ ቀለበትና መሐሉ ያለው እምብርት እንዴት ተያይዘዋል? እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ፤ ተምሬበታለሁና። የመጀመሪያዎቹ ጊሮቼ እምብርታቸው ለስላሳ አሉሚኒየም፣ ቡሎኖቻቸውም ቀጫጭን ነበሩ። ስገጥማቸው ከቀለበቱ ወደ እምብርቱ የሚያልፍ ነጭ የቀለም መስመር አሰመርኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የላይኛውን መሸፈኛ ስከፍት የማስገቢያው ጊር ላይ ያለው መስመር ተቆርጦ፣ ሁለቱ ጫፎች የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ተራርቀዋል። ቡሎኖቹ ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ተፍቆ ያበራል። ቫልቮቼ የተረፉት ካሙ ወደ መዘግየት በመንሸራተቱ ነው፤ የማስገቢያ ካም ሲዘገይ ቫልቭ ከፒስተን ይርቃል። በማስወጫው በኩል ቢሆን ኖሮ መዘግየቱ ቫልቩን ወደ ፒስተኑ ያቀርበው ነበር።

ስለዚህ ወፈር ያሉ የብረት ቡሎኖች፣ ሰፊ መቀመጫ፣ ቢቻል የብረት እምብርት ያለውን ፈልግ። ጥቂት ግራም መቅለሉ አያጓጓህ። ቀጥሎ ጥርሱን እይ። አሉሚኒየም ጥርስ ጠንከር ያለ አኖዳይዝ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መከላከያ ሽፋን) ካልተደረገ ይበላል፣ ቺንጋውንም ያበላሻል፤ ደማቁ ቀይና ሰማያዊ ብዙውን ጊዜ ለጌጥ የተቀባ ስስ ሽፋን ነው። ጊሩን በመስታወት ላይ አስተኝተህ የሚወዛወዝ መሆኑን ፈትሽ። መለኪያው ላይ ያለው ዲግሪም የካም ይሁን የክራንክሻፍት ሻጩን ጠይቅ፤ አንድ የካም ዲግሪ ሁለት የክራንክሻፍት ዲግሪ ነው፣ እዚህ ላይ መሳሳት ያስቀጣል።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። የቫልቭና የፒስተን ርቀት ሳትለካ ሞተሩን አታስነሳ። በማስገቢያ በኩል 2 ሚሊ ሜትር፣ በማስወጫ በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር ብዙዎች የሚጠብቁት ዝቅተኛ ልክ ነው፤ የተላገ ቴስታታ ደግሞ ከዚሁ ላይ ቀንሷል። ብዙ ሰው ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሮ ምንም ካልነካ ይረካል። እንዳንተ ባለ ቪቴክ ሞተር፣ ማለትም በከፍተኛ ዙር ወደ ትልቁ የካም ጉብታ በሚቀየር ሞተር፣ ይህ ማረጋገጫ አይሆንም። የዘይት ግፊት ሳይኖር ሮከሮቹ (ቫልቮቹን የሚገፉት ክንዶች) እርስ በርስ አይያያዙም፣ ስለዚህ ቫልቩን የሚከፍተው ትንሹ የካም ጉብታ ብቻ ነው። ትልቁ ጉብታ ሥራ የሚጀምረው ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲጮህ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ማቆም አይቻልም። ሮከሮቹን አያይዘህ ለካ፤ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ፒስተኑ ላይ አድርገህ ቴስታታውን ከነማሸጊያው (ጓርኒሲዮኑ) አስረህ፣ አዙረህ፣ ፈትተህ ውፍረቱን ማየት ይበቃል። ይህን ሞተር የምታዞረው ከቺንጋው በኩል ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ እጆች አዟዟር በተቃራኒ መሆኑንም አትርሳ።

ማስተካከሉን ከዜሮ ጀምር። መጀመሪያ መላጉ የወሰደውን ዲግሪ መልስ፣ ከዚያ በዳይኖ (የሞተር ኃይል መለኪያ ማሽን) ላይ የማስገቢያውን ብቻ በክራንክሻፍት ሁለት ሁለት ዲግሪ እያንቀሳቀስህ እያንዳንዱን ውጤት ጻፍ። በቢ16ኤ እሳቱን ለሻማዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ከማስገቢያው ካም ጫፍ ጋር የተያያዘ ነው፤ ካሙን ባንቀሳቀስክ ቁጥር የእሳቱም ጊዜ አብሮ ይሄዳል። በየጊዜው በታይሚንግ ላይት (የእሳቱን ጊዜ በሚያሳይ መብራት) እያየህ ዲስትሪቢውተሩን አዙረህ ካልመለስከው፣ የጨመረው ካሙ ይሁን እሳቱ አታውቅም።

ቡሎኖቹን አምራቹ በሰጠው ልክ በቶርክ ቁልፍ እሰር፣ የቡሎን ማጣበቂያም ጠብ አድርግበት። ነጩን መስመር አስምር፤ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ መሸፈኛውን ከፍተህ እየው።