ከማሳው የወጣው አረንጓዴ ሳንቲም

ወንድሜ፣ አክሱም አጠገብ ካለ ማሳ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ያወጣኸው ክብ ነገር የልብስ ቁልፍ ይሆን ብለህ ጠይቀሃል። በፎቶው እንደማየው የአክሱም ነገሥታት ያስቀረጹት የነሐስ ሳንቲም ነው። በአንድ ገጹ ራሱን በጨርቅ የጠመጠመ ንጉሥ አለ፤ ስሙ አልተጻፈም፣ ዙሪያውን በግሪክ ፊደል «ንጉሥ» ብቻ ይላል። በሌላው ገጽ እኩል ክንዶች ያሉት መስቀል በክብ ውስጥ ተቀርጿል፤ በዙሪያውም «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ አለ። እንዴት ያለ ምኞት ነው! ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ክርስትናን እስኪቀበል ድረስ በሳንቲሞቹ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ስለሆነ፣ ያንተው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው።

እባክህ በሎሚም በአሸዋም እንዳታጸዳው። አክሱማውያን በነሐስ ሳንቲም ላይ ሳይቀር ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ ስስ ልባጥ ቀርቶበት ከሆነ አንድ ጊዜ ቢፈተግ ይጠፋል። ያገኘህበትን ቦታ በትክክል መዝግብ፣ ቁፋሮውን ግን አሁኑኑ አቁም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ ድንገት ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ሳትውል ሳታድር ለአካባቢህ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስረክበው።