ከተገረዝኩ 24ኛ ቀኔ ነው

ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ሰው ነኝ። የምጽፍልዎ ትዕግስቴ ስላለቀ ነው። ከተገረዝኩ ዛሬ 24ኛ ቀኔ ነው። ሐኪሙ «ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ በማደንዘዣው ምንም አልተሰማኝም። ስለ ሌሊቱ ግን ማን ነገረኝ? እንቅልፍ ሲወስደኝ ብልቴ ይቆማል፣ ስፌቱ ይወጠራል፣ በሕመም ብንን እላለሁ። ቁስሉ በአንድ በኩል አልገጠመም፤ ይረጥባል። ቀጠሮ ሄጄ ስናገር «ታገስ፣ ይድናል» ብቻ። የምር ተናድጃለሁ። በሕፃንነቴ ቢገርዙኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ እኮ ምንም አልነበረብኝም፤ ሸለፈቱ መጥበብና መሰንጠቅ የጀመረው ባለፉት ሁለት ዓመታት ነው። ሌሊት ለሽንትም ሦስት አራቴ እነሳለሁ፤ ውሃ ስለማበዛ ይሆናል። ባለቤቴ ምንም አትለኝም፤ ዝምታዋ ግን ከበደኝ። ለመሆኑ ከግንኙነት ታቀብ የተባልኩበት ስድስት ሳምንት የግድ መሙላት አለበት? በኮንዶም ቢሆንስ?

መልስ

ወንድሜ፣ ስለ ውሃው የጻፍካትን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ደህና የኖረ ሸለፈት በ39 ዓመት መጥበብና መሰንጠቅ ሲጀምር ስኳር በሽታ መጠርጠር አለበት። ከሽንት ጋር የሚወጣው ስኳር ፈንገስ ያፋፋል። ቆዳው ይቆስላል፣ ይሽራል፣ ጠባሳው እያጠበበው ይሄዳል። ቁስል ቶሎ እንዳይገጥም የሚያደርገውም ይኸው ስኳር ነው። ውሃ ስለምታበዛ ነው የምትሸናው ብለሃል፤ ምናልባት ስለምትሸና ይሆናል ውሃ የምታበዛው። ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ሄደህ ደምህን ተመርመር። ከመገረዝህ በፊት ይህን ማንም ካልጠየቀህ፣ በዚህ ብትናደድ አልፈርድብህም። ቁስሉንም አሳይ። መግል፣ ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ካለ ግን ነገን አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ሂድ።

ተኝተህ ብልትህ መቆሙ ጤንነት ነው። ሸንተህ በጎንህ ተኛ፤ ሲያባንንህ ተነስተህ ትንሽ ተራመድ።

ኮንዶሙን እርሳው። ስፌት ይለቃል፤ ያልዳነ ቁስል ደግሞ ለሁለታችሁም የኢንፌክሽን በር ነው። ስድስት ሳምንት የሚባለው እንኳ በደንብ ለዳነ ሰው ነው። አንተ ሐኪም አይቶ «አሁን ይቻላል» እስኪልህ ትቆያለህ።

ባለቤትህ ዝም አለች ትላለህ። ሳትነግራት ምን ትበል? በሕመም እየባነንክ እንደምታነጋ ታውቃለች? ዛሬ ማታ ንገራት። ነገም ለምርመራው አብራችሁ ሂዱ።