የኳንተም ራዳርና የወርቅ መፈለጊያው ጉዳይ

ቻይና ስቴልዝ (ከራዳር እንዲሰወር የተሠራ) አውሮፕላን ከ100 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያይ ኳንተም ራዳር ሠራች ይባላል። እውነት ነው?

ይህ ጥያቄ የማይመጣበት ሳምንት የለም። ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። አንድ የቻይና መንግሥታዊ ኩባንያ ሞክሬ ተሳክቶልኛል አለ። ማለት ሌላ፣ ማሳየት ሌላ።

ኳንተም የአቶምና የብርሃን ቅንጣቶችን ጠባይ የሚመለከት የፊዚክስ ዘርፍ ነው። የራዳሩን ሐሳብ በ2008 ያቀረበው ኤም አይ ቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሴት ሎይድ ነው። ተቆራኝተው ከተፈጠሩ ሁለት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) አንዱ ወደ ዒላማው ይላካል፣ ሌላው እዚያው ይቀራል። የሄደው ነጥሮ ሲመለስ ከቀረው ጋር ይመሳከራል፤ ከየቦታው ከሚመጣው ሌላ ምልክትም ይለያል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ከተራው ራዳር የሚገኘው ትርፍ ግን ቢበዛ አራት እጥፍ ነው፤ ያውም የሚላከው ምልክት እጅግ ደካማ ሲሆን ብቻ። ርቀት እጥፍ ሲሆን ወደ ራዳሩ የሚመለሰው ኃይል 16 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ያ አራት እጥፍ በርቀት ሲመነዘር 1.4 እጥፍ ገደማ ቢሆን ነው። ተራው ራዳር ጉልበቱን ጨመር አድርጎ ይገላገለዋል።

ሌላም አለ። የቀረው ፎቶን የሄደው እስኪመለስ መጠበቅ አለበት። ለስንት ጊዜ? ይህ የሚታወቀው የዒላማው ርቀት ሲታወቅ ነው። ራዳር የሚተከለው ደግሞ ርቀቱን ለማወቅ ነበር! ኦስትሪያ ውስጥ ተሠርቶ በ2020 የታተመው ሙከራ መሣሪያውን ወደ ፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ቅዝቃዜ የለም) አቅራቢያ አቀዝቅዞ ዒላማውን ያየው ከአንድ ሜትር ላይ ነው። አውሮፕላኑ እስከዚያ ከቀረበማ በዓይናችንም እናየዋለን።

ጂፒኤስ ውስጥ ኳንተም አለ?

አለ። የሳተላይቶቹ የአቶም ሰዓት የሚሠራው በእሱ ነው።

ልጄ የኳንተምን ሙያ መማር ይፈልጋል። ከየት ይጀምር?

ከሂሳብ። የቀረውን የፊዚክስ መምህሩን ይጠይቅ።

በእጅ የሚያዝ “ኳንተም” የወርቅ መፈለጊያ ሊሸጡልን ነው። የጉድጓድ ውሃም ያሳያል ተብለናል። ቀብድ እንስጥ?

ኧረ በፍጹም! የከርሰ ምድርን ነገር በኳንተም ማየት በእርግጥ ይቻላል። የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2022 ከመንገድ ሥር የተቀበረ ዋሻ አግኝተውበታል። በሌዘር የቀዘቀዙ የሩቢዲየም አቶሞችን ለቀው፣ አወዳደቃቸውን ከላይና ከታች እያነጻጸሩ የስበትን ጥቃቅን ልዩነት ለኩ። ዋሻው ባዶ ስለሆነ ስበቱ እዚያ ላይ ትንሽ ይቀንሳል። የጥልቀቱ ነገር ግን አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ መሣሪያውም አንቴና የተሰካበት እጀታ አይደለም። የናንተ ሻጭ ሌዘሩ የት እንዳለ ያሳያችሁ እስቲ።

ለጉድጓዱ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ አማክሩ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ቦታውን ሳያስጠኑ መቆፈሪያ ማሽን እንዳትጠሩ፤ ጉድጓዱ ደረቅ ቢሆንም የቁፋሮው ክፍያ ያው ነው።