«ያደግሁ አይመስለኝም» ላለችው የአንደኛ ዓመት ተማሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። የእንግሊዝኛ መምህራችሁ «በመጀመሪያው ሴሚስተር በራሴ ላይ ያየሁት ዕድገት» በሚል ርእስ ሦስት ገጽ ጽፋችሁ እንድታስረክቡ አዘዋል፤ አንቺ ደግሞ ከትምህርት ቤትሽ አንደኛ ወጥተሽ መጥተሽ ከ4 አማካይ 2.46 ስላመጣሽ «አነስኩ እንጂ ያደግሁ አይመስለኝም፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብለሻል። ከሥሩ የተሰጡሽን መልሶች አየኋቸው። አብዛኞቹ ጊዜን መጠቀም ተማርኩ፣ ራሴን ቻልኩ፣ ከልዩ ልዩ አካባቢ ከመጡ ልጆች ጋር መኖር ለመድኩ ብለሽ እንድትጽፊ ይመክሩሻል። እኔም በ2015 ዓ.ም. ልክ እንደዚያ ጽፌ ነበር። አሁን አራተኛ ዓመት ላይ ስለሆንኩ የደረሰብኝን ብነግርሽ ድካም አተርፍልሽ ይሆናል ብዬ አራት ምክሮች በቁጥር ልዘረዝርልሽ ተቀምጫለሁ።

1. ቀን የሌለው ዓረፍተ ነገር አትጻፊ። የጄኔራል ሳይኮሎጂው ሞጁል ወደ መጨረሻው አካባቢ ራስን ስለ ማወቅ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ ፈተና ጭንቀት የሚያወሩ ምዕራፎች እንዳሉት ታውቂያለሽ። የእኛ መምህር ከእነዚያ ምዕራፎች ተነሥተው ከአሥር የሚታረም ተመሳሳይ ሥራ ሰጥተውን ነበር። እኔ ከሞጁሉ የሚያማምሩ ቃላት እየለቀምኩ ሁለት ገጽ ተኩል ሞላሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ በየዓረፍተ ነገሩ ዳር በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «መቼ?» ይላል። ብቆጥረው አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ ውጤቱ ደግሞ አምስት ከአሥር ነው። በጣም ተናድጄ ለዶርም ጓደኞቼ ሰውየው የሚያነበውን የማያውቅ መምህር ነው ብዬ አወራሁ። ዛሬ ሳስበው አሥራ አንዱም ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። «ጊዜዬን በአግባቡ መጠቀም ተምሬአለሁ» ብዬ የጻፍኩት፣ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ሳይ አድሬ የጠዋቱን ክፍል ተኝቼ ባሳለፍኩበት ቀን ነበር።

2. 2.46ን እንደ አንድ ፍርድ አትቀበዪው፤ በየኮርሱ ዘርዝረሽ እዪው። በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል የመጀመሪያው ሴሚስተር ስድስቱ ኮርሶች እያንዳንዳቸው ሦስት ክሬዲት ስለሆኑ እኩል ይመዝናሉ፤ የአካል ብቃት ኮርሱ ደግሞ አልፏል ወይም ወድቋል ተብሎ ብቻ ስለሚመዘገብ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። የእኔን ልስጥሽ። በሳይኮሎጂ ኤ ማይነስ፣ በሎጂክና በጂኦግራፊ ቢ ፕላስ፣ በእንግሊዝኛ ቢ፣ በፊዚክስ ሲ ፕላስ፣ በማትስ ኤፍ አመጣሁ። አማካዩ 2.71 ነው። በማትስ ቢ አምጥቼ ቢሆን ኖሮ 3.21 ይሆን ነበር፤ እዚያና እዚህ መካከል ያለውን ልዩነት የሚፈልጉትን ዲፓርትመንት ያጡ ልጆች ያውቁታል። ኤፉን ያመጣሁት ፈተናው ከብዶኝ አይደለም፤ ፈተናውን ጨርሶ አልተፈተንኩም። እንዴት እንደ ሆነ ልንገርሽና ወደ ሦስተኛው ምክር እመለሳለሁ።

ከደላንታ ነው የመጣሁት። በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ቤታችን በጦርነቱ ምክንያት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ያም ሆኖ የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ከመላው አገር ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበር ታስታውሺ ይሆናል። እኔ ከእነዚያ ውስጥ ነበርኩ። እዚህ ላይ ጉራ ከሰማሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ግን ያ ቁጥር ከእኔ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ደሴንና አዲስ አበባን አልፎ፣ ደቡብ ካለው ዩኒቨርሲቲዬ ድረስ ከሻንጣዬ ጋር እንደ ገባ ካልነገርኩሽ የቀረው አይገባሽም። ከ3.3ቱ አንዱ የሆነ ሰው እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ሊል አይችልም ብዬ አምን ነበር።

የዶርሜ አልጋ ታችኛው ላይ ከሆሳዕና የመጣ ልጅ ነበር። ማትስ የተጀመረው በሎጂክ ነው፤ መነሻው ሐሰት የሆነ «ከሆነ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ጠቅላላው እውነት ነው መባሉ ለማናችንም አልገባንም። ይህ ልጅ ተነሣና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ እኔም ሳቅሁ። መምህሩ እንደገና አስረዱት፣ እርሱ ገባው፣ እኔ ግን ስስቅ ስለ ነበር አመለጠኝ። በመጨረሻ በማትስ ኤ ያመጣው እርሱ ነው።

ከማትስ ፋይናል አራት ቀን ቀደም ብሎ ታይፎይድ ያዘኝ። የግቢው ክሊኒክ ግሉኮስ ተክሎ አስተኛኝ፤ ፈተናው እዚያው እያለሁ አለፈ። ስወጣ ማኅተም ያለበት የሕክምና ማስረጃ ተሰጠኝ። የዶርም ልጆች «ዛሬውኑ ሬጅስትራር ውሰድ» አሉኝና ሄድኩ። የዚያን ቢሮ መስኮት አሠራር ልግለጽልሽ፤ ከደረት በታች ዝቅ ብሎ ስለ ተሠራ ጎንበስ ሳትዪ ሰው አያይሽም፣ ቀና ካልሽ ደግሞ ድምፅሽ አይሰማም። ተሰልፌ ደረስኩና ጎንበስ ብዬ ጉዳዬን ጀመርኩ። ሠራተኛዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ፍሬሾች ማንበብ አትችሉም እንዴ? በር ላይ ተለጥፏል፤ ቀጣይ!» አለች። ከኋላዬ የነበሩት ሳቁ። በሩ ላይ የነበረው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ግማሹ በጨረታ ማስታወቂያ ተሸፍኖ ነበር። ልገልጠው እጄን ዘርግቼ፣ ሰው የሚያየኝ ስለ መሰለኝ መልሼ ሰበሰብኩት።

ማስረጃውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዘጠኝ ቀን ኖርኩ። የተኛሁበት ቀን ብዛት አይደለም፤ በእግሬ እየሄድኩ፣ ካፌ እየበላሁ፣ በዚያ ሕንጻ ፊት ለፊት በቀን ሁለት ጊዜ እያለፍኩ ነው። አባቴ ሲደውል «ፈተና እንዴት ነበር?» ይለኛል፤ «ጥሩ ነው፤ ሁሉም ሰላም ነው» እለዋለሁ። የልጅ ነገር ይምሰልሽ፤ እኔ ያደግሁበት ቤት አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የሚጠይቅ ልጅ ወይ ደደብ ወይ ባለጌ ነው፤ ሰው ፊት መዋረድ ደግሞ ከመራብ ይከፋል። እኛ ይሉኝታ ብለን እንደ ጨዋነት የምንቆጥረው ነገር በአንድ ሴሚስተር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያስተምር ሞጁል የለም።

በዘጠነኛው ቀን ግሬድ ሲስተሙ ላይ ወጣ፤ በማትስ ትይዩ ኤንጂ፣ ማለትም ውጤት የለም፣ ተብሎ ተጽፏል። የዚያን ዕለት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን የነገርኩት ሰው ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ታላቅ እህቴን ነው። በኢሞ ደውዬ አለቀስኩ። እርሷ አላባበለችኝም። «እኔ ቋንቋውን ሳላውቅ ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ጉዳይ ስንት መስኮት ላይ ቆሜአለሁ መሰለህ? ሲያባርሩኝ ከሰልፉ ኋላ ሄጄ እንደገና እሰለፋለሁ። ያንተዋ ሴትዮ በአማርኛ ነው የተቆጣችህ፤ ነገ ሂድ» አለችኝ።

በአሥረኛው ቀን ሄድኩ። ያችው ሠራተኛ ነበረች፤ ማስረጃውን ገልብጣ አየችና «ይህ እኮ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ነበር የሚገባው» አለች፤ በዚህኛው ቀን ድምፅዋ ክፋት አልነበረውም፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። የመጀመሪያው ዕለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትጨምርልኝ ኖሮ ተጨማሪ ፈተና እፈተን ነበር። ለዲኑ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ «ጊዜው ያለፈበት» ተብሎ ተመለሰ፤ ኤንጂው ወደ ኤፍ ተለወጠ። ፋርማሲ የነበረው ምኞቴ በዚያው ቀረና ስታቲስቲክስ ደረሰኝ። በሒሳብ ኤፍ ያለበትን ልጅ ስታቲስቲክስ የመደበው ማን እንደ ሆነ እስካሁን ይደንቀኛል። ሠራተኛዋን ዛሬም ጥፋተኛ ነች እላለሁ፤ ዘጠኙን ቀን ግን ለእርሷ ልሰጣት አልችልም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሳጥሬ ልንገርሽ፤ ጥያቄሽን በቀጥታ የሚነካው እርሱ ነው። በሁለተኛ ዓመት ማትስን ከታናናሾቼ ጋር ተቀምጬ ደገምኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ያ «ከሆነ» ያለበት ጉዳይ ሲመጣ እጄን አወጣሁ። ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ሁለት ልጆች ሳቁ፤ መምህሩ አስረዱኝ፤ ገባኝ። ኤ ማይነስ አመጣሁ። በዚያው ዓመት አንድ የዲፓርትመንት ኮርስ ላይ ቢ ፕላስ ሊሆን የሚገባው ሲ ተብሎ ወጣ። በዚያኑ ዕለት ማመልከቻ በሦስት ቅጂ ጻፍኩ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ በቅጂዬ ላይ ቁጥርና ቀን አጻፍኩ፣ የታረመልኝን የሚድ ወረቀት አያይዤ ለመምህሩም ለዲፓርትመንቱም ሰጠሁ። በሁለት ሳምንት ተስተካከለ። አሁን በዶርማችን «ጠበቃው» ነው የምባለው፤ ሬጅስትራር የሚፈራ ፍሬሽ ሲገኝ ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ፤ ያችው ሠራተኛም «ደግሞ ማንን አመጣህ?» ትለኛለች። በዚህ ደስ ይለኛል፤ አልደብቅሽም።

3. ወደ አንቺ ልመለስ። ጥያቄሽ ውስጥ በጨረፍታ «ፊዚክስ ሚድ ላይ ሳይደመርልኝ የቀረ ነጥብ ነበር፤ ተውኩት» ብለሽ አልፈሻል። እኔ ሦስቱን ገጽ የማየው እዚያች «ተውኩት» ውስጥ ነው። ወረቀቱን ስትቀበዪ ስንት ነጥብ እንደ ጎደለ አይተሻል፤ መምህሩ ቢሮ የትኛው ፎቅ ላይ እንደ ሆነ ታውቂያለሽ፤ ምናልባት በሩ ድረስ ሄደሽ ተመልሰሻል። በየትኛው ቀን እንደ ነበር፣ በሩ ላይ ቆመሽ ምን እንዳሰብሽ፣ ማን ያየኛል ብለሽ እንደ ፈራሽ ጻፊ። ከዚያ በኋላ የተለወጠ ነገር ካለ እርሱንም ከነቀኑ ጻፊ፤ ካልተለወጠም አልተለወጠም በዪ። መምህራችሁ ሃምሳና ስልሳ ወረቀት ላይ «ራሴን ቻልኩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ ውለው፣ አንድ ተማሪ ከቢሮ በር ላይ እንዴት እንደ ተመለሰች ሲያነቡ ቀና ብለው የሚቀመጡ ይመስለኛል።

ከጽሑፉ በፊት ግን፣ ነገ ጠዋት፣ የግሬድ ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ማለፉንና አለማለፉን አጣሪ። የጊዜው ርዝመት ከግቢ ግቢ ሊለያይ ስለሚችል ለሲኒየር ብቻ ሳይሆን ለዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ጠይቂ፤ ከተቻለም የተማሪዎች መመሪያውን ራሱን ተመልከቺ። መስኮት ላይ የሚቆጣሽ ሰው ቢያጋጥምሽ «እሺ፤ የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳትጠይቂ አትመለሺ። መልሱን ካላገኘሽ እንደገና ተሰለፊ። ነጥቡ ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው፤ በሲ ፕላስና በቢ ማይነስ መካከል አንዳንዴ አንድ ነጥብ ነው ያለው።

4. አራተኛው ምክሬ ከሲኒየሮች የሚዞረውን የተዘጋጀ ጽሑፍ እንዳትገለብጪ የሚል ነበር፤ ለምን እንደ ሆነ ከላይ የገባሽ ይመስለኛል። አሥራ አንድ «መቼ?» ያለበትን ወረቀቴን አልጣልኩትም፤ ከሕክምና ማስረጃው ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አለ። ካስፈለገሽ ስሜን ሸፍኜ፣ ፎቶ አንሥቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። የማመልከቻውንም ቅጂ አያይዤ ልልክልሽ እችላለሁ፤ ቀኑንና የኮርሱን ስም ብቻ ነው የምትቀይሪው።