ስለ ኪያሮስታሚ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ኢራናዊው የፊልም ዳይሬክተር አባስ ኪያሮስታሚ ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ጥቂቶቹን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

«ልጁ ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ ይሮጣል። ምኑ ነው የሚደነቀው?» (ከደሴ)

እህቴ፣ ያየሽው «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» (1987) መሆን አለበት። ልጁ የጓደኛውን ደብተር ሳያውቅ ይዞ ቤቱ ገብቷል። ጓደኛው የቤት ሥራውን ደብተሩ ላይ ካልሠራ ከትምህርት ቤት ይባረራል። ስለዚህ ዳገቱን ወጥቶ ማዶ መንደር ይሮጣል። እናቱ አትሰማውም። አያቱ ደግሞ ሲጋራ አምጣልኝ ብሎ ይልከዋል፤ ሲጋራው እኮ ኪሱ ውስጥ ነው! ጦሳ ተራራ ሥር ሲላላክ ላደገ ልጅ ይሄ አይነገረውም። እንደዚህ ልቤን የሰቀለ የተኩስ ፊልም አላየሁም። ደግመሽ እዪው። ዳገቱ ላይ ያለችውን ጠመዝማዛ መንገድም ልብ በይ፤ ለፊልሙ ተብላ የተሠራች ናት።

«ተዋናዮቹ ባለሙያ ናቸው?» (ከኮምቦልቻ)

አብዛኞቹ አይደሉም። በ1997 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ከጃፓናዊው ዳይሬክተር ሾሄ ኢማሙራ ጋር የተጋራበትን «የቼሪ ጣዕም» እንውሰድ። ፊልሙ በአመዛኙ መኪና ውስጥ የሚደረግ ወሬ ነው። ሲቀረጽ ግን ሹፌሩና ተሳፋሪው አብረው አልተቀመጡም። ሹፌሩ ሲቀረጽ ጎኑ የነበረው ኪያሮስታሚ ነው፤ ተሳፋሪው ሲቀረጽም መሪውን የያዘው እሱው ነው። ፊታቸው ላይ የምናየው መደነቅና ማመንታት ለእሱ የመለሱት ነው።

«ከአብዮቱ በኋላ ተሰደደ?» (ከሐይቅ)

አልተሰደደም፣ ጋሼ። ከ1979ኙ የኢራን አብዮት በኋላም ብዙዎቹን ፊልሞቹን የሠራው እዚያው አገሩ ነው። በኋላ ጣሊያንና ጃፓን ሄዶ ሠርቷል። በ2016 ፓሪስ ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረው ኢራን ነው።

«ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ዳይሬክተር መሆን እችላለሁ?» (ከወልዲያ)

አብሽር ወንድሜ! እሱም የጀመረው በማስታወቂያ ሥራ ነው። በ1970 የሠራው የመጀመሪያ አጭር ፊልሙ ዳቦ ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ውሻ የሚያስፈራው ልጅ ታሪክ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። በ2002 ደግሞ «አስር»ን መኪና ውስጥ በተገጠሙ ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ሠራው። አንተም ከሰፈርህ አንድ ልጅና አንድ ችግር ፈልግ። ስልክህን አታወዛውዘው፤ አንድ ቦታ አስቀምጠውና ልጁ ይንቀሳቀስ። አምስት ደቂቃ ስትሠራ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።